የጀልባው ኮት

አሴቶን ነው ጉዱን ያመጣው።

ለምርቃት ፎቶዬ ጥፍሬን ልሰራ ካዛንቺስ አንድ ፎቅ ስር ያለች ጠባብ የውበት ሳሎን ገባሁ። ልጅቷ የድሮውን ቀለም ልታነሳልኝ ጥጡን አሴቶን ነክራ ወደ ጣቴ ስታመጣው እጄን መንጭቄ ወሰድኩት። "አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት? አያቴ ሸተቱኝ ይባላል? "አይ፣ ቀጥዪ" አልኳት። እሷ ቀጠለች። እኔ ግን እዚያ ወንበር ላይ አልነበርኩም። ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ላይ፣ ቂርቆስ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ አንዲት ነጭ ጀልባ አጠገብ ቆሜ ነበር።

አዲስ አበባ መሀል ጀልባ ምን ትሰራለች የሚል አይጠፋም። እደርስበታለሁ።

አያቴ የመኪና ቀለም ባለሙያ ነበሩ። ጋራዡ ውስጥ ጋሽ መኮንን ይሏቸዋል፣ እኔ አባባ። ካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ውስጥ እሳቸው፣ እናቴና እኔ ነበርን የምንኖረው። እናቴ ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው የምትሰራው፤ ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው። ትምህርት ሲዘጋ ቤት ብቻዬን መተው ስላልፈለገች "ከአባባ ጋር ጋራዥ ትውያለሽ" አለችኝ። ከዚያ ፀጉሬን እያበጠረች ድምጿን ዝቅ አርጋ "ደግሞ ጠብቂያቸው፣ እሺ?" አለች። ስምንት ዓመቴ ነው። ሽማግሌ ሰው እንዴት ነው የምጠብቀው? አፏ ላይ የተገለባበጠባት መሰለኝ፤ "እሳቸው ይጠብቁሻል" ልትል ፈልጋ።

በየጠዋቱ ወደ ቂርቆስ በእግር ነበር የምንወርደው። አባባ ከኋላዬ ሆነው ቀኝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያደርጋሉ። እንዳልጠፋባቸው ፈርተው ስለሚመስለኝ ያናድደኝ ነበር። ሰፈሩን አውቀዋለሁ እኮ! መንገድ ላይ ደግሞ ጨዋታ ነበረችን። "ጉድጓድ!" ስል ይዘላሉ፣ "ድንጋይ!" ስል እግራቸውን ያነሳሉ፣ "ውሃ!" ስል ወደ ዳር ይላሉ። እኔን ለማጫወት የፈጠሩት ነበር የሚመስለኝ። በሳምንቱ ሰለቸኝ። እኔን ነገር ቶሎ ነው የሚሰለቸኝ፣ እስካሁንም እንደዛው ነኝ። አንድ ቀን ዝም ብዬ አለፍኩና አባባ እስከ ጉልበታቸው ቦይ ውስጥ ገቡ። ሳቅኩ፣ በጣም ነው የሳቅኩት። እሳቸውም እየሳቁ ወጡ። ሱሪያቸውን እየጨመቁ "አሸነፍሽኝ" አሉ።

ጀልባዋ የመጣችው ሐምሌ ገና እንደገባ ነው። አይሱዙ ላይ ተጭና፣ ዝናቡ እላይዋ ላይ እየወረደ፣ መኪናው ጠባቧ መንገድ ውስጥ ሁለቴ ተቀርቅሮ። የሰፈሩ ልጆች ከኋላ ከኋላ "የኖህ መርከብ! የኖህ መርከብ!" እያሉ ይሮጣሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ዝናቡ ሦስት ቀን አላቋረጠም ነበርና ነገሩ ገባኝ ብዬ ደነገጥኩ።

"አባባ፣ ጎርፍ ሊመጣ ነው?"

"ቢመጣም ይቺ ሰፈሩን ሁሉ አትይዝም" አሉ። "ስድስት ሰው ነው የምትጭነው።"

ባለቤቷ ሮማን የምትባል፣ ላንጋኖ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴትዮ ናት። ጃንጥላ ይዞ የሚከተላት ሹፌር ነበራት። ጀልባዋ ዓመታት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ወዟ ሁሉ አልቋል፤ እጄን ሳሳርፍባት ነጭ ዱቄት ተከተለኝ፣ ጠመኔ የነካሁ ነው የመሰለኝ።

"ፋይበሩ፣ አካሏ፣ ደህና ነው" አለች ሴትየዋ። "ጄልኮቱ ነው የሞተው። ከመስከረም በፊት እንደ ድሮዋ እንድታበራ ነው የምፈልገው።"

"ምኑ ነው የሞተው?" አለ ሱሌማን። ሱሌማን ላሜራ የሚያቃናው ነው፤ ቀልድ ካልቀለደ መዶሻው አይነሳለትም።

"ጄልኮቱ። ከላይ ያለው ልባስ።"

"ኮት! ጋሽ መኮንን፣ እኛ በዚህ ብርድ ኮት አጥተን ጀልባዋ ለብሳ መጣችልዎት እኮ!"

ከዛን ቀን ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ "ኮቱ" ነው የሚባለው። ኮቱ ዛሬ እንዴት ዋለ? ኮቱ ላይ ቡና እንዳትደፉ! እኔ ደግሞ አመንኩ። አባባ ሲፈትጓት ኮቷን እያወለቁባት መስሎኝ እንዳይበርዳት እሰጋ ነበር።

ሴትየዋ እንደሄደች የጋራዡ ባለቤት አቶ ግርማ አባባን ወደ ጥግ ወሰዷቸው። እኔ ያረጀ ጎማ ውስጥ ተቀምጬ ስለነበር አላዩኝም።

"ጋሽ መኮንን፣ ሰው እያማረረ ነው። ያቺ ቶዮታ በሯ ሌላ ቀለም፣ ኮፈኗ ሌላ ቀለም ሆና ነው የወጣችው።"

"ቀለሙ ነው የተበላሸው። ሻጩ ነው።"

"ባለፈውም ሻጩ ነበር።" አቶ ግርማ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እግራቸውን እያዩ ነው የሚያወሩት። "እንግዲህ ግልጽ ልንገርዎት። ይቺን ጀልባ እንደ መስታወት ካደረጓት ማንም ከቦታዎ አያነሳዎትም። ካልሆነ ግን ሌላ ባለሙያ ተገኝቷል። ልቤ እየደማ ነው የምነግርዎት።"

"መስታወት አደርጋታለሁ" አሉ አባባ።

ይሄን እኔም ሰማሁ፣ አልከበደኝም። መስታወት ማድረግ ምን ችግር አለው? ለዛ አይደል እንዴ መፈተጊያው ብርጭቆ ወረቀት የሚባለው? ስሙ ላይ አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ብርጭቆ እየተፈተገ ወደ ጀልባዋ ይሄዳል፣ ጀልባዋ ብርጭቆ ትሆናለች፣ አለቀ። እንዲያውም በጣም ሻካራው ብዙ ብርጭቆ ስላለው በሱ ብቻ ቢሰሩ በሁለት ቀን ያልቅ ነበር ብዬ ለአባባ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ይሄ አያበራም፣ ይቧጭራል" አሉኝ። "ሻካራው ሲቧጭር ለስላሳው መጥቶ የሻካራውን ጭረት ያጠፋል፣ የራሱን ትንሽ ጭረት ይተዋል። ከሱ የለሰለሰው ደግሞ የሱን ያጠፋል። እንዲህ እንዲህ እያልሽ ጭረቱ በጣም ከማነሱ የተነሳ ብርሃን ይሆናል።"

"ስለዚህ ብርሃን ማለት ትንንሽ ጭረት ነው?"

"እንደዛ በይው።"

ሥራው ግን ሞት ነው። ጀልባዋ ሸራ ስር ናት። ዝናቡ ሸራው ላይ ይደበድባል፣ አባባ ውሃ እያፈሰሱ ወረቀቱን እንጨት ላይ ጠቅልለው አንዴ በቁሙ አንዴ በአግድሙ ይገፋሉ። ነጭ ወተት የመሰለ ውሃ በክርናቸው ይወርዳል። እጃቸው ከውሃው የተነሳ ይጨማደዳል፣ ከዚያ በአሴቶን ሲጠርጉ ይሰነጠቃል። ማታ ራት ስንበላ እንኳን ጣታቸው አሴቶን አሴቶን ነው የሚለው።

የኔ ሥራ ወረቀት ማቀበል ነበር። ከጀርባው ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይለሰልሳል። አባባ ያነሱና "ስንት ይላል?" ይሉኛል። "ስምንት መቶ።" "ጎበዝ።" ሌላ ያነሳሉ። "ይሄስ?" "ሺ አምስት መቶ።" "ጎበዝ።" ቁጥር ሊያስጠኑኝ መስሎኝ አንጀቴ ነበር የሚያርረው። ሦስተኛ ክፍል ልገባ ነው፣ የክፍሌ ሰባተኛ የወጣሁ ልጅ፣ ስምንት መቶ ማንበብ ያቅተኛል? አንድ ቀን በእልህ ሺውን "ስድስት መቶ" አልኳቸው። ወረቀቱን ወስደው ታችኛው ከንፈራቸው ላይ አሻሹት።

"ሺ ነው" አሉ። "ለምን ትዋሺያለሽ?"

"እንዴት አወቁ?"

"ዓይን ይታለላል፤ ይሄ አይታለልም።" ከንፈራቸውን፣ ከዚያ ጣታቸውን ነኩ።

እውነታቸውን ነበር። እነዚያ ጣቶች የማያውቁት ነገር የለም። ሰም ከመቀባታቸው በፊት ጨርቁን በጣቶቻቸው መሀል ቀስ አርገው ያሳልፉታል። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ከተገኘች ጨርቁ ይጣላል። "አንድ አሸዋ ያለበት ጨርቅ የወር ሥራ ይበላል" ይላሉ። ቤት ደግሞ እናቴ ምስር ስትለቅም ሰፌዱን ይቀሟትና ወደ ግድግዳው እያዩ እያወሩ ድንጋዩን ብቻ ጠቅ ጠቅ አርገው ያወጡላታል። እናቴ እጃቸውን ዝም ብላ ታይ ነበር። ለምን እንደምታይ አልገባኝም።

የገባኝ ነሐሴ ላይ ነው። ለሁለታችን ሻይ መጣ። አባባ ከፔርሙሱ ሊቀዱልኝ አነሱና ከብርጭቆው አጠገብ፣ ባዶ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀስ አርገው፣ ቀጥ አርገው ቀዱ። ሻዩ ጉልበቴ ላይ ወረደ።

"አባባ! እያፈሰሱ ነው እኮ!"

እጃቸውን ቀጥ አደረጉ። ዙሪያውን ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው፤ ሱሌማን መኪና ስር ነው። ያኔ ፔርሙሱን አስቀመጡ።

"ይቺን ለማንም አትነግሪም። ለእናትሽም ቢሆን።"

"የሻዩን?"

"የዓይኔን። መሀሉ የለም። ዳር ዳሩ ነው የቀረኝ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አሁን አንቺን ሳይሽ ጆሮሽ ይታየኛል፣ ትከሻሽ ይታየኛል። ፊትሽ ግን የለም።"

ፊትሽ የለም። ስምንት ዓመት ለሞላት ልጅ እንዲህ ይባላል? ሮጬ ወደ አንድ መኪና ሄድኩና በጎን መስታወቱ አየሁ። አለ፣ ቦታው ነው። ተመልሼ መጥቼ "አለ አባባ፣ አሁን አየሁት" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሱን ስለምታዪ ነው የምፈልግሽ። እብጠትና ስርጉዱን እጄ ያውቀዋል። እጅ የማይደርስበት ጭረት ግን አለ፣ ከፀጉር የቀጠነ፣ እሱን ዓይን ብቻ ነው የሚይዘው። እሱን አንቺ ታዪልኛለሽ።"

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። በወረቀት የተፈተገውን ቦታ በማሽንና ኮምፓውንድ በሚሉት ክሬም ይወለውሉታል። ከዚያ እኔ እጠጋና ጥርሴን አሳየዋለሁ። ጥርሴ አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ ጭረት የለም፣ ወደ ሰሙ ይታለፋል። ጥርሴ ተያይዞ እንደ ነጭ ክር ከታየኝ ግን ጭረት አለ፣ እንደገና ወደ ወረቀቱ። ያኔ ስስቅ የሚታየው ከላይ ስድስት፣ ከታች አምስት ነው፣ አንዷ ወልቃ።

"ስንት ጥርስ?"

"ክር ነው አባባ።"

"እሺ፣ ውሃ አምጪ።"

ይሄ "እሺ፣ ውሃ አምጪ" ማለት ሌላ ግማሽ ቀን ማለት ነው።

"ጋሽ መኮንን፣ የጥርስ ክሊኒክ ከፈቱ እንዴ?" ይላል ሱሌማን በአጠገባችን ሲያልፍ። "የኔንም ይዩልኝ፣ መንጋጋዬን ሲያመኝ ነው ያደረው።"

"ያንተ ጀልባዋን ያስፈራታል፣ ሂድ።"

እንዲህ እንዲህ እያልን ግራውን ጎን ጨረስነው። የእውነት መስታወት ሆነ። ዝናብ ሲያባራ የሸራው ቀዳዳ፣ የአቶ ግርማ ቆብ፣ የኔ አሥራ አንድ ጥርስ፣ ሁሉም ውስጡ አለ። አቶ ግርማ መጥተው አይተው የአባባን ትከሻ መታ አርገው ሄዱ። አባባ ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ሲያፏጩ ነበር። "ጉድጓድ" ስላቸው ከሚገባው በላይ ነው የዘለሉት።

ለእናቴ አልነገርኩም። ሚስጥር በመያዜ ኮርቼ ነበር። አሁን ሳስበው እሷም ታውቅ ነበር፣ እሳቸውም እንደምታውቅ ያውቁ ነበር፤ ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ተደባብቀን ነበር የምናድረው።

የቀረው ቀኝ ጎኗ ነው። ጳጉሜ ሦስት ቀን ደረስን። ሴትየዋ በነጋታው ጠዋት ልትወስዳት ነው።

የሰፈራችን ሴት ልጆች ደግሞ ለአዲስ ዓመት አበባየሆሽ ሊዞሩ እየተለማመዱ ነበር። መሪዋ ፍሬሕይወት ናት፣ ከኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ ልቧ ያበጠ። ከበሮ አልነበረንም፣ ቢጫ ጀሪካን ነው። እሱን የምመታው እኔ ነበርኩ። ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ስለምውል ልምምድ እቀራለሁ፣ ያን ጠዋት ፍሬሕይወት በር ላይ ይዛኝ "ዛሬ አሥር ሰዓት ካልመጣሽ ጀሪካኑን ለሰላም ነው የምሰጠው። በቃ፣ ቀጣፊ አልፈልግም" አለችኝ። ቀጣፊ! እኔ ምን ቀጠፍኩ?

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አባባ ቀኝ ጎኗን ለሁለተኛ ጊዜ ወልውለው ማሽኗን አጠፉ። ላብና ውሃ አንድ ላይ ይወርድባቸዋል። ሰማዩ ጥቁር ነው፣ ሸራው ስር ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ምሽት ነው የሚመስለው። ጀርባቸውን በእጃቸው ደግፈው ቆሙ።

"ነይ እስቲ። ስንት ጥርስ?"

ተጠጋሁ። ገለፈጥኩ። ነጭ ክር።

ወይም ክር አልነበረም ይሆን? ጨለማ ነበር እኮ። ይሄን ክርክር ከራሴ ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክሬዋለሁ፣ አያዋጣም። ክር ነበር። አይቼዋለሁ። "ክር ነው" ካልኩ "እሺ፣ ውሃ አምጪ" ይመጣል፣ ውሃው ከመጣ አሥር ሰዓት የለም፣ ጀሪካኑ የለም። ስለዚህ አፌን ዘጋሁና ጥርሴን በምላሴ ቆጠርኩ። ከላይ ስድስት። ከታች አምስት።

"አሥራ አንድ!"

"ሁሉም? ለየብቻ?"

"ለየብቻ አባባ። የወለቀችውም ቦታ ይታያል።"

ይቺን የጨመርኳት እኔው ነኝ፣ ማንም አልጠየቀኝም።

"ተመስገን" አሉ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፣ ሁለቱ እጆቻቸው ሲወርዱ አየሁ። "በይ አንቺ ሂጂ ጨፍሪ። ሰሙን ብቻዬን አደርሰዋለሁ፣ ለሱ ዓይን አያስፈልግም። ወደ ቤት ሱሌማን ያደርሰኛል።" ስወጣ ጨርቁን በጣቶቻቸው መሀል እያሳለፉ ነበር።

ደረስኩ። ጀሪካኑን መታሁ። በደንብ ነው የመታሁት።

በነጋታው ፀሐይ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ የጠፋ ፀሐይ፣ ጳጉሜ አራት ጠዋት፣ አንድ ደመና የለም። አባባ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። ሴትየዋ ከሹፌሯ ጋር መጣች፣ አራት ሰዎች ጀልባዋን ከሸራው ስር ገፍተው አወጧት።

መጀመሪያ የታየው ግራው ነው። "ውይ!" አለች ሴትየዋ፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ። "ውይ ጋሽ መኮንን! አዲስ እኮ ነው ያደረጓት!" ሱሌማን አጨበጨበ። አቶ ግርማ ፈገግ አሉ። አባባ ቆባቸውን አውልቀው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ሰው ሁሉ እዚያው እንዲቆም፣ ማንም ወደ ቀኝ እንዳይዞር በውስጤ ለመንኩ።

ዞረች።

ፀሐዩ ቀኝ ጎኗ ላይ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ፣ በቁሙና በአግድሙ፣ ሺ ጭረት። ሸራ ስር አንዱም የማይታይ፣ አሁን ሁሉም የሚያበራ። ሰሙ ጭረቶቹ ውስጥ ገብቶ ይባስ አጉልቷቸዋል።

"ይሄ ምንድነው?" አለች።

"የቱ?" አሉ አባባ፣ አሁንም ፈገግ እንዳሉ።

"እንዴ! ይሄ ሁሉ ጭረት ነዋ!"

የአባባ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። ቀስ ብሎ ነው የሄደው። ወደ ጀልባዋ ተጠግተው መዳፋቸውን ለጠፉባት፣ ወደ ላይ አስኬዱት፣ ወደ ታች። እጅ የማይደርስበት ጭረት ነው።

"ጨርቁ አሸዋ ይዞ ይሆናል" አለ ሱሌማን ቶሎ ብሎ። "ትናንት ነፋስ ነበረ። ሰሙ ላይ ነው የሆነው።"

"ምንም ላይ ይሁን" አለች ሴትየዋ። ተናዳለች፣ ግን እንባዋም የመጣ ይመስላል። "ነገ የሚመጡ እንግዶች አሉኝ እኮ። አንድ ሰው እንዴት ይሄን አያይም?"

አቶ ግርማ ወደ አባባ ዞሩ። "ጋሽ መኮንን፣ ይሄን አላዩትም?"

"አላይም" አሉ አባባ።

"አላየሁትም ለማለት ነው" አለ ሱሌማን። "ሸራው ስር ጨለማ ነበረ፣ እኔም እኮ..."

"አይደለም ሱሌ።" መዳፋቸው አሁንም ጀልባዋ ላይ ነው። "አላይም ነው ያልኩት።"

 ሹፌሩ እንኳን ቁልፍ ማንቃጨል ተወ። አቶ ግርማ አባባን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና አባባን አዩ። ቶዮታዋ ትዝ ያለቻቸው መሰለኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ታሠራኝ ነበር?"

አቶ ግርማ እግራቸውን ማየት ጀመሩ።

እኔ ጎማው ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሰው ዞሮ "አንቺስ? አንቺ አላየሽም?" ቢለኝ ሁሉንም እናገር ነበር፣ እምላለሁ። ማን ልጅ ይጠይቃል? አባባም ወደ እኔ አልጠቆሙም። ቆባቸውን አደረጉ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሄጄ ትከሻዬን ከእጃቸው ስር አደረግኩ።

መንገዱን ሙሉ "ጉድጓድ" አልኩ፣ "ድንጋይ" አልኩ፣ "ውሃ" አልኩ። አንድም አላሳለፍኩም። አባባ አልዘለሉም፣ ቀስ ብለው ይረግጡና ያልፋሉ።

ከሰዓት በኋላ ሱሌማን የአባባን ዕቃ በማዳበሪያ ይዞ መጣ። በር ላይ ቆሞ ቀልድ ፈለገ፣ አጣ። "ሌላው ሰውዬ ጀምሯል" ብቻ አለ። "ቀኝ ጎኗን ከሁለተኛው ወረቀት ጀምሮ ነው እንደገና የሚሰራው።" እናቴ ከሥራ መጥታ ማዳበሪያውን አየችና ወደ ጓሮ ወጣች፤ ቧንቧውን ለረጅም ጊዜ ከፍታ ተወችው።

አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ነበሩ፣ ነጩን ሸሚዝ አላወለቁም።

"ነይ እስቲ" አሉኝ። ሄድኩ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ አልቆጣሽም።"

"እሺ።"

"ትናንት፣ ከመሄድሽ በፊት። አሥራ አንዱም ጥርስ ታይቶሽ ነበር አይደል?"

አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው እንዴት ቀላል ነገር ነበር። "አልታየኝም አባባ፣ ዋሽቼ ነው።" በቃ ይሄ ነው። ቢመቱኝ ምን ነበረበት? ግን ደጅ ላይ እነ ፍሬሕይወት እየዘፈኑ ነው፣ ሰው ከሥራ አስባርሬያለሁ፣ እናቴ ጓሮ ናት፣ ቧንቧው ይፈሳል። ስምንት ዓመቴ ነው። ፈራሁ።

"ታይቶኝ ነበር" አልኩ።

"ለየብቻ?"

"ለየብቻ።"

 ሁለት እጃቸውን ወደ ፊታቸው አመጡ፣ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶች ላይ አሻሹ፣ ከንፈራቸውን ነኩ።

"እንግዲያው ጨርቁ ነው" አሉ። "አሸዋ ነበረበት። ሦስቴ አሳልፌው አልተሰማኝም።" ከዚያ እጆቻቸውን ጭናቸው ስር ከተቷቸው። "ዓይኔስ ይሁን። እጄም ሄዷል ማለት ነው።"

ከዚያ ወዲያ ምስር አልለቀሙም። እናቴ ሆን ብላ ሰፌዱን አጠገባቸው ብታስቀምጥ "ድንጋይ አበላችኋለሁ" ይላሉ። ሱሌማን አንዴ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጥቶ "ይሄ ስንት ነው ጋሽ መኮንን?" ቢላቸው ሳይነኩት "ከጀርባው አንብበው" አሉት።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሸሚዛቸውን ከለበሱ በኋላ ይጠሩኛል። ከላይ እስከ ታች ቁልፋቸውን በጣታቸው እየዳበሱ፣ "ልክ ነው?" ይሉኛል። "አልተዛነፈም? ደህና አርገሽ እዪልኝ።"

አያለሁ። "ልክ ነው አባባ" እላቸዋለሁ።

ልክ ነበር። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።